የተበሳው አባሪ

ወረቀት የማያመልክ መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም። ሰው በዓይኑ ያየውን፣ በእግሩ የረገጠውን ሊክድ ይችላል፤ ክብ ማኅተም ያረፈበትን ግን ማን ደፍሮ! እኛ ዘንድ ሕፃን ክርስትና እንደሚነሣ ሁሉ ደብዳቤም ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ጎኑ ተበስቶ ፋይል ካልገባ ከሰው ቁጥር አይገባም። እናንተም ብትሆኑ «ፋይልህ የለም» የተባላችሁ ዕለት መወለዳችሁን ተጠራጥራችኋል። አትዋሹኝ።

እኔ የዚህ እምነት አገልጋይ ነበርኩ። ቢቸና ውስጥ በአንድ የገጠር መንገድ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር፣ ከእኔ በፊት የነበሩት ሰውዬ አንድ ትእዛዝ ብቻ አስረከቡኝ፦ «አባሪ ከደብዳቤው እንዳይለይ።» አልለየሁም።

ያኔ የመንገድና የድልድይ ፕላን በወረቀት ጥቅል መምጣቱ ቀርቶ በሲዲ መላክ ጀምሮ ነበር። የቢሯችን ብቸኛ ኮምፒውተር ደግሞ ዳንቴል ለብሳ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፤ ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር ሌላ ሙያ እንዳላት እኔ በበኩሌ አላውቅም ነበር።

ፎርማናችን ጋሼ አያሌው ግን ያውቁ ነበር። ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ድልድይ ጎኗን ውሃ በልቶት፣ እንዴት እንደምትጠገን፣ ስንት ብረት እንደሚገባባት የሚያሳየው ፕላን በሲዲ እንደሚላክ ተነግሯቸዋል። ልጃቸው ደግሞ ከወንዙ ወዲህ ተድራ ነፍሰ ጡር ናት፤ የምትወልድበት ሐኪም ቤት ከወንዙ ማዶ፣ ሞጣ ነው። ወሯ ነሐሴ። «ብቻ ከሰኔ በፊት ይድረስልኝ እንጂ ክረምቱ አይቀድመኝም» ይሉኝ ነበር፣ በየጠዋቱ መስኮቴ ላይ ብቅ እያሉ።

ሲዲው ግንቦት ላይ መጣ። «አባሪ፦ አንድ ሲዲ» ይላል ደብዳቤው። ገቢ ቁጥር ሰጠሁት። ማኅተም መታሁበት፤ ቢንሸራተትብኝ ደግሜ መታሁት። ከዚያ የወረቀት መብሻውን አመጣሁ። አስቸገረኝ። ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ስጫነው ቀጭ አለ። ሁለት ቀዳዳ፣ በልኩ። ከደብዳቤው ጋር አስሬ ፋይል አስገባሁት።

በማግስቱ ጋሼ አያሌው ፋይሉን ገልጠው ሲዲውን ፈቱና ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ተስፋ አይቆረጥምና ጸሐፊዋን አስለምነው ኮምፒውተሯ ውስጥ ከተቱት፤ አጉረመረመችና ተፋችው። ቢሮው በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይሉ የለ? ሌላ ቅጂ እንዲላክልን ጻፍን። መልሱ ሰኔ መጨረሻ ደረሰ፦ «የተጠየቀው መረጃ ቀደም ሲል በአንድ ሲዲ የተላከ መሆኑን እንገልጻለን።» እሱንም በስቼ አስቀመጥኩት።

ጋሼ አያሌው ድልድይቱን ያለ ፕላን በድንጋይና በእንጨት ደገፏት። ሐምሌ ላይ ድጋፉም ድልድዩም አብረው ሄዱ። ነሐሴ ላይ ልጅቱን ምጥ ያዛት፤ በቃሬዛ የተሸከሟት ሰዎች ወንዙ ዳር ደርሰው፣ ጎርፉ እስኪጎድል ከረፋድ እስከ ማታ ቆሙ። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ክርስትና ላልተነሣ ልጅ ድንኳን አይጣልም፤ ቤታቸው ሄድኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ምነው በሰደቡኝ! «አንተማ የታዘዝኸውን ነው የሠራኸው» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

በዓመቱ መጨረሻ ፋይል ሊመረምሩ የመጡ ሰዎች አንድም አባሪ ያልጎደለበት መዝገብ ቤት ብለው አመሰገኑኝ። በጽሑፍ ነው።

ድልድይቱ ከሄደች በኋላ ደግመን ጽፈን ስለነበር፣ ሁለተኛው ሲዲ ጥቅምት ላይ ደረሰ። ጋሼ አያሌው መስኮቴ ላይ መጡ። ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ጽፌ እጄን ወደ ማኅተሙ ስሰድ፣ ሲዲውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ጋቢያቸው ሥር ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«ይችን እንኳ እኔው ልያዛት፣ ልጄ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ መለመን።

እሺ አልኳቸው።