በጎንደር ግንብ ዘር ስንቆጥር

ሰው ከትልቅ ግንብ ሥር ሲቆም ከሁለት አንዱን ይሆናል፤ ወይ ያንሳል፣ ወይ የባለ ግንቡ ዘመድ ይሆናል። እኔ በበጌምድር ተወልጄ በበጌምድር አርጅቻለሁ። ግንብ አይቶ ያነሰ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ወንድ ልጄን ከባላምባራስ ታደገ ሴት ልጅ ጋር ላጋባ ሽማግሌ ልኬ፣ እሺ ተብዬ፣ ቀን ተቆርጧል። መካነ ኢየሱስ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ቆጠሩ። በባላምባራስ በኩል ቆጥረው አልጨረሱም። በእኔ በኩል አባቴን ጠርተው ጨረሱ። ከስማዳ በአንዲት አህያ ጨው ጭኜ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ማን ያውቅልኛል? “ንጹሕ ነው፤ ምንም የለውም” ብለው አሳለፉኝ። ገበያ ስወርድ አህያ በጆሮ ቆጥሬ ለሁለት የማካፍል፣ ጆሮዋ የተቆረጠች ትኖራለች ብዬ ደግሞ በእግር የምደግም ሰው፣ የራሴን ዘር ከአንድ በላይ መቁጠር አለመቻሌ አንገበገበኝ።

ለሙሽራዋ ድሪና አምባር ልንገዛ ሁለታችን አማቾች ጎንደር ወረድን። ዕቃው በጊዜ ተገዛ፤ መኪናችን የሚነሣው በማግስቱ ነው። ባላምባራስ “እንግዲያው የአያቶቼን ቤት ላሳይዎት” አሉኝና፣ ግራጌታ ስሜነህ የሚባል፣ እንግዳ እያዞሩ በማሳየት የሚተዳደር ሰው ለቀኑ ያዝን። በአያታቸው ቤት መንገድ መሪ ለምን እንዳስፈለጋቸው አልጠየቅሁም። አማች አይጠየቅም።

ግራጌታ አጥሩን እየዞረ ግንቡ አሥራ ሁለት በር እንዳለው ነገረን። እኔ የተከፈተ አንድ ቆጠርኩ። እዚያ ላይ ዘበኛው መግቢያ ጠየቀን። ባላምባራስ ካባቸውን አስተካክለው ሰው ወደ አያቱ ቤት ከፍሎ ይገባ እንደሆነ ጠየቁት። ዘበኛው ካባውን አየ፣ ግራጌታን አየ፣ እጅ ነሣና አሳለፋቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “እርስዎስ?” አለኝ። አጠያየቁን ብትሰሙት! ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ ወርውሬ “እኔም የዚሁ ቤት ነኝ” አልኩና ገባሁ።

ውስጥ ያለውን ውበት ሌላ ይንገራችሁ። እኔ አንዱንም አላየሁም፤ በየአዳራሹ ባላምባራስ ዘር ሲቆጥሩ እየሰማሁ የራሴን አሰላ ነበር። ግራጌታ ነገረኛ ሰው ነው፤ ከአንበሶቹ ቤት ስንደርስ “ለመሆኑ እርስዎ በየት በኩል ነዎት?” አለኝ። አንድ ጊዜ የእስቴ ችሎት ደጅ ተራ ስጠብቅ የመሬት ተከራካሪዎች አያቴ ናት እያሉ ሲጣሉባት የሰማኋት አንዲት ወይዘሮ ትዝ አለችኝ። “በወይዘሮ ትርንጎ” አልኩ። የቀረበ ይሻላል ብዬም “ቅድመ አያቴ ናት” ብዬ ጨመርኩ።

ባላምባራስ ቆሙ። “ትርንጎ? ከጎንደር እስቴ የተዳረችው? የእኔ ቅማያት?”

ግራጌታ ጣቶቹን ዘርግቶ ቆጠረና ፊቱ በራ። “ሙሽራው በአራተኛ ቤት፣ ሙሽራዋ በአምስተኛ! እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ሥጋ ናችሁ!”

“ሰባት አልሞላማ” አሉ ባላምባራስ። “ልጄን ለወንድሟ ልድር ነበር! ሠርጉ ቀርቷል።”

ድሪው በብብቴ ሥር ቀዘቀዘኝ። ልጄ ከዚያች ልጅ ሌላ አላገባም ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ አኩርፎኛል፤ አሁን ምን ይዤ ልግባ? ወይዘሮዋን ትንሽ ወደ ኋላ ልገፋት ሞከርኩ፤ ተሳስቼ ነው፣ ራቅ ትላለች አልኩ። ባላምባራስ ግን ጥርጥር ባለበት ልጅ አልሰጥም፣ ቄሱስ ምን ይለኛል ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። እንዲህ ያለ ጀርባ ዕድሜ ልኬን አይቻለሁ፤ ጨው ሲገዙኝም እንዲያው ነበር። የዚያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ከነገሥታቱ ግቢ መካከል ቆሜ ጮህኩ።

“እኔ የማንም ዘር አይደለሁም! አባቴ በሰው መሬት ሲያርስ ሞተ። እኔ በአንዲት አህያ ጨው ነግጄ ሰው ሆንኩ። ከአባቴ በላይ ያለውን አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም! ትርንጎንም የሰማኋት ችሎት ደጅ ነው!”

ጎብኚው ሁሉ ግንቡን ትቶ እኔን አየ። ባላምባራስ ቀስ ብለው ዞሩ። “በመድኃኔ ዓለም ይምላሉ?”

“መድኃኔ ዓለምን!”

“አንድም ዘር?”

“አንድም!”

“ተመስገን ጌታዬ!” ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ሰው ዘር ስለሌለው እንዲህ ሲሳም አይታችኋል?

ስንወጣ ዘበኛው በሩን ይዞ ጠበቀኝ። ለካ ጩኸቴ እሱም ዘንድ ደርሷል። ባላምባራስን እጅ ነሥቶ አሳለፈ፤ ለእኔ መዳፉን ዘረጋ። ባላምባራስ ከበሩ ማዶ ጢማቸውን እየጠቀለሉ ሲጠብቁኝ፣ እኔ ቀና ብዬ ሳንቲሜን አንድ በአንድ ቆጥሬ ከፈልኩ። ከዚያ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ደረሰኝ አልኩ። ለአንድ ሰው አይቆረጥም አለኝ። ይቆረጣል አልኩ። ተቆረጠ።

ሠርጉ አማረ፤ የልጅ ልጅም አየን። ባላምባራስ ዛሬም በየድግሱ ጠጅ ሲሞቃቸው ያንን ግንብ የአያቶቼ ቤት እያሉ ይተርካሉ። እኔ አልቃወምም። እጄን ብቻ ወደ ኪሴ እሰዳለሁ፤ እሳቸውም ያዩኝና ወሬ ይለውጣሉ። ነገሩ ችሎት ቢቀርብ፣ በዚያ ግንብ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዝኩ እኔ ብቻ ነኝ።