ደርሶ መልስ በበረዶ ላይ

የድሬ ሰው የማያውቀውን ነገር ቢጠይቁት አላውቅም ብሎ አያሳፍርዎትም። ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን ሰፈር እንኳ ቢጠይቁት፣ ባጃጅ አስቁሞ፣ ባለባጃጁን አማክሮ፣ ሁለት መንገደኛ ጨምሮ፣ የሆነ ቦታ ሳያደርስዎ አይለቅም። የደረሱበት ቦታ እርስዎ የፈለጉት መሆን አለመሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን የምለው ከተማዬን ለማማት አይደለም። በዚሁ ደግነት የተነሳ የበረዶ ተራራ አናት ላይ ብቻዬን ስለቆምኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካናዳ ውስጥ ተራራ ሥር ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘሁ። ቪዛው ተመታ፣ ሻንጣው ከቀፊራ ገበያ ተገዛ፣ እማዬም ለዘመዱም ለጎረቤቱም አውርታ ጨረሰች። ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ከኮሌጁ ኢሜይል መጣ። እንኳን ደስ አለህ ይልና፣ ምዝገባህን ለማጠናቀቅ እስከ ዓርብ ድረስ የስኪ፣ ማለትም የበረዶ ላይ መንሸራተቻ፣ ፓስ መርጠህ ቁጥሩን ጻፍልን ይላል። ለአዲስ ተማሪ በነጻ ነው። አንድ ቁጥር ተራራውን በሙሉ፣ የበረዶውን ወራት በሙሉ። ሁለት ቁጥር ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ። ሦስት ቁጥር የጀማሪ፣ ከተራራው ግርጌ የማያልፍ፣ አስተማሪ ያለው። ከዚያ በታች ያለውን አላየሁም፤ የስልኬ መስታወት ከታች በኩል ስለተሰነጠቀ የማንኛውም ደብዳቤ የመጨረሻ መስመር ስንጥቁ ሥር ይቀራል። ብዙ ጊዜ እዚያ የሚቀረው «ከሰላምታ ጋር» ስለሆነ አስቤበት አላውቅም።

እስቲ ይፍረዱኝ። ቬንትሌተር ሙቀቱን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው በሚያመላልስበት የድሬዳዋ ሳሎን ተቀምጦ የበረዶ መንሸራተቻ ፓስ የሚመርጥ ሰው በምን ይምረጥ? እኔ የማውቀው በረዶ ሰፈራችን ካለው አብዲ ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ በፌስታል የሚረጋውን ውሃ ነው። እሱም ቤት እስክደርስ አይቆየኝም። አሁን እቀልዳለሁ እንጂ ያኔ ቀልድ አልነበረም። ፓስ ካልመረጥኩ ምዝገባዬ አይጠናቀቅም፤ ምዝገባዬ ካልተጠናቀቀ ኮሌጅ የለም፤ ኮሌጅ ከሌለ ደግሞ እማዬ ያወራችላቸውን ሰዎች በሙሉ ቤት ለቤት ዞራ ልታስተባብል ነው።

መጀመሪያ ለእርሷ አስረዳኋት። ፓስ ማለት ይለፍ ማለት ነው አልኳት፤ ተሳሳትኩ። ይለፍ የሚለውን ስትሰማ ኬላ አለው እንዴ ብላ ደነገጠችና አብዲን አስጠራችው። ባለሱቁ አብዲ ከጅግጅጋ ዕቃ ሲያመጣ ደረሰኙን ይዞ ኬላ ላይ ተሰልፎ ያረጀ ሰው ስለሆነ፣ በሰፈራችን የኬላ ጉዳይ ወደ እርሱ ነው የሚመራው። ኢሜይሉን ሁለቴ አስተረጎመኝና፣ «አቦ፣ ይሄ ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሚሉት ነገር ወላሂ ተንኮል አለበት፤ ዓርብ ቀን መንገድ ላይ ቢይዙህስ?» አለ። ሁለት ቁጥር በዚሁ ወደቀ። ቀጥሎ የምጭነው ዕቃ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ምንም አልጭንም፣ ተራራ ላይ ወጥቶ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ መውረድ ነው አልኩት። አብዲ እማዬን አየ፣ እማዬ እኔን አየች። «ሆን ተብሎ?» አለች።

ይህን ጊዜ ነው የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ብርሃኑ የገቡት። ጋሼ በአሮጌው ባቡር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ያ ባቡር ከቆመ ወዲህ ሰው ስለ ደም ግፊታቸው ካልሆነ ስለ ሌላ ነገር ጠይቋቸው አያውቅም። አዲሱ ባቡር ከከተማው ውጭ ስለሚቆም ያኮረፈ ባቡር ይሉታል፤ ሄደው አላዩትም። እና ገና ከበር ሳሉ ፓስ የሚለውን ቃል ሰሙ። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን ጠራረጉ፣ ከደረት ኪሳቸውም በላስቲክ የተጠቀለለ የራሳቸውን የባቡር ፓስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የሚሳፈሩበት ባቡር የለም፤ ፓሱ ግን በየቀኑ ከሸሚዝ ወደ ሸሚዝ ይዛወራል። ሳየው አንጀቴን በላኝ። ስኪ ባቡር አይደለም የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ምርመራው ተጀመረ። ስንት ማዕረግ አለው አሉ። ሦስት አልኳቸው። የጀማሪው ሦስተኛ ነው? ነው። እንግዲያስ የባቡር ሠራተኛ ዘር ሦስተኛ ማዕረግ አይሳፈርም ብለው ሦስት ቁጥርን በእጃቸው ጠረጉት። የቀረው አንድ ቁጥር ነው። ልጽፍ ስል ግን ቆይ አሉና ዋናውን ጥያቄ አመጡ፤ መሄጃ ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ?

ጎበዝ፣ እውነቱን ተናገርኩ። በሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ወንበር ወደ ላይ ያወጣል፣ ከዚያ መውረድ የራስ ጉዳይ ነው አልኳቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ሰውን ተራራ ጫፍ አውጥቶ እንደ ፍጥርጥርህ የሚል መሥሪያ ቤት በምን ሕግ ፓስ ያድላል? ባቡር ስንት ጊዜ ተበላሽቷል፣ ስንት ሌሊት በረሃ ላይ አድሯል፤ ተሳፋሪውን ግን ድሬ ሳይመልስ ቀርቶ ያውቃል? ትንሽ ከተቆጡ በኋላ ፊታቸው በራ። ያ ወንበር ሰው አራግፎ የት ይሄዳል አሉኝ። ተመልሶ ይወርዳል አልኩ። «አዎ! ባይወርድማ ላዩ ላይ ወንበር ተከምሮ አያልቅም ነበር። ታዲያ ባዶውን ከሚወርድ አንተን ይዞ ቢወርድ ምን ይጎድልበታል? ደርሶ መልስ ነው፤ ደብቀውህ ነው። አንድ ቁጥር በል!» አሉ። አልኩ። ሐሙስ ማታ ተላከ፤ እማዬም እፎይ አለች።

ኮሌጁ ስደርስ የመዝጋቢዋ ፈገግታ ትንሽ ቅር አሰኘኝ። ጎበዝ ስኪ ተጫዋች ሳትሆን አትቀርም አለችኝ። ከሞቃት አገር የሚመጡት ብዙዎቹ አራት ቁጥርን ነው የሚመርጡት አለች። አራት ቁጥር? መስታወቱ ባልተሰነጠቀ ኮምፒውተሯ አሳየችኝ። አራት ቁጥር፣ «ፓስ አልፈልግም»።

ፓሱን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ትምህርቴን መማር እችል ነበር። ጋሼ ግን በየእሑዱ ይደውላሉ። ደህና ነህ ወይ የለም፣ በላህ ወይ የለም፤ ተሳፈርክ ወይ ነው። እነዚያን ሸሚዝ የሚቀያይር ፓስ የያዙ ሽማግሌ መዋሸት አቃተኝ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ተከራይቼ ያመጣሁትን የስኪ ጣውላ ታቅፌ ተሳፈርኩ። ወንበሩ አናት ላይ አራገፈኝ። ገና አፋቸውን በቅጡ ያልፈቱ ሕጻናት በአጠገቤ ተወርውረው ቁልቁል ጠፉ። ወደ ታች አየሁ። የስኪው ተዳፋት ከደቻቱ ድልድይ ላይ ሆኖ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ እንደማየት አይደለም፤ ታቹ አይታይም። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው፣ አልቅስ አልቅስ አለኝ።

ያኔ የጋሼ ወንበር ትዝ አለኝ። ወደ ወንበሮቹ ማሽን ጠባቂ ሄጄ፣ ባለኝ እንግሊዝኛ፣ ባዶ የሚወርድ ወንበር ካለ ብዬ ጠየቅሁ። ሰውዬው ከእግር እስከ ራስ አየኝ፣ የማሽኑን ፍጥነት ቀነሰ፣ አስቀመጠኝ። ወረድኩ። የሚወጣው ሕዝብ ሁሉ ፊት ለፊት እያየኝ ያልፋል፤ አንዳንዱ እጁን ያውለበልባል፤ እኔም እንደ ክብር እንግዳ እመልሳለሁ። በየቅዳሜው እንዲሁ ሆነ። ስኪ መከራየቱን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ተውኩት።

ዘንድሮ ለዕረፍት ስመጣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ለጋሼ ተናዘዝኩ። አራት ቁጥርን አላነሳሁም፤ እሱ ከእኔ ጋር ይቀበራል። የቀረውን ግን ነገርኳቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል በወንበር የምወርድ እኔ ብቻ ነኝ፣ ሌላው እየተንሸራተተ ነው የሚወርደው አልኳቸው። የሚያዝኑልኝ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግራና ቀኙን ቃኙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ደርሶ መልስ መሆኑን አያውቁማ!» አሉ። «ዝም በላቸው። ከነቁ ወንበር አታገኝም።»