በቀኝ በኩል የጠፋችው ቀስት

«አንቺ ነሽ የነካካሽው!»

«እኔ ምን ነካሁ? በቡጢ የምትደበድበው አንተ!»

«ሜሪ፣ ማውሱን መልሺልኝ፤ ሥራ አለብኝ።»

«እኔ ጋ የለም አልኩህ እኮ!»

ይህን ስትሰሙ ከቤታችን ዕቃ የጠፋ መስሏችሁ ይሆናል። አልጠፋም። ማውሱ በእኔና በታላቅ ወንድሜ በብሩክ መሀል፣ ሁለታችንም እያየነው፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የጠፋችው ስክሪኑ ላይ የምትንቀሳቀሰዋ ቀስት ናት።

እስቲ ከሥሩ ልንገራችሁ። እናቴ መርካቶ፣ ሰባተኛ ውስጥ ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። ሱቁ በኮምፖርሳቶ ለሦስት የተከፈለ ነው፤ በሩ ግን አንድ ነው። እንደዚህ ባለ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚኖር ዕቃ የለም። መቀሱ የእኛ ነው፤ የሚውለው ግን ዚፕ ከሚሸጡት ከጎረቤታችን ከጋሽ ከድር ዘንድ ነው። የእሳቸው ካልኩሌተር ደግሞ እኛ ጋ ያድራል። መሰላሉ የማን እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዕቃው ሁሉ ከሰው ሰው ሲዞር በሚውልበት ሰፈር ብቻውን የሚውል ሰው አለ ብትሉኝ እኔም ድሮ አላምናችሁም ነበር።

ከሱቁ በላይ ባለችው ቆጥ ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉን። ብሩክ ከዱባይ ተራ ሲገዛቸው «ትንሽ የተሠራባቸው» ተብሎ ነው፤ መርካቶ ውስጥ ትንሽ ማለት በጣም ሰፊ ቃል ነው። ዊንዶውስ ሲከብዳቸው ቀለል የሚለውን ሊኑክስ ጫነባቸው። በአንዱ እሱ የቢዝነስ ካርድ ዲዛይን ይሠራል፣ በሌላው እኔ አጠናለሁ። የእኔ ማውስ ሲበላሽ ደግሞ አንዱ ማውስ ለሁለቱም እንዲያገለግል የሚያደርግ ፕሮግራም አስገባ። ቀስቷን ወደ ስክሪኑ ጫፍ ስትገፏት ከአንዱ ወጥታ ሌላው ላይ ብቅ ትላለች፤ ጋሽ ከድር በኮምፖርሳቶው ቀዳዳ እጃቸውን አስገብተው መቀሱን እንደሚወስዱት ማለት ነው።

ሕግም ነበረን። ማውሱን የፈለገ ሰው ዝም ብሎ አይወስድም፤ ታክሲ ውስጥ ወራጅ እንደሚያደርገው «ልለፍ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ስጠይቅ እሱ «እለፊ» ይለኛል። ሕጉን ያወጣው ብሩክ ነው፤ ያኔ ገና ያወራኝ ነበር። በኋላ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ተከለና ሳቁን ሁሉ አብነት ሰፈር ላሉት ጓደኞቹ አደረገው። ለእኔ «እለፊ» ብቻ ቀረችኝ። አትሳቁብኝና፣ አንዳንድ ቀን ምንም ሥራ ሳይኖረኝ «ልለፍ?» እል ነበር።

እሑድ ዕለት ብሩክ ብርሃን ፈልጎ ጠረጴዛውን ከቀኜ አነሳና በግራዬ፣ መስኮቱ ሥር አደረገው። ከዚያ ወዲህ ቀስቷ አልሻገር አለች። ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ፤ ኮምፒውተሮቹን አጥፍቶ አበራ። በመጨረሻ ጥፋተኛ ፈለገ። ቆጡ ላይ ያለነው ሁለት ነን፤ አንዱ እሱ ስለሆነ እኔ ተገኘሁ።

ጋሽ ከድር ከታች ሆነው ሰሙን። «እናንተ ልጆች! አንድ ማውስ ለሁለት እንዲህ ካጯጯኸ፣ በአንድ በር ለሦስት የምንገባው እኛማ ምን እንበል?»

«በቃ፣ ሌላ ገዝቼ እገላገላለሁ!» አለና ብሩክ ወረደ።

የሚገላገለው ከማን ነው? ከማውሱ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ሌላ ማውስ ከተገዛ «ልለፍ?» የለም፣ «እለፊ»ም የለም። እሱ ሳይመለስ ማስተካከል ነበረብኝ።

ማውሱን ወዲያ ወዲህ ሳደርገው ቀስቷ እኔው ስክሪን ላይ ብቅ አለች። ወደ ግራ፣ ወደ ብሩክ ገፋኋት፤ ግድግዳ እንደገጠማት ቀጥ አለች። ደጋግሜ ሞከርኩ። ሲደክመኝ እንዲሁ ወደ ቀኝ ባንሸራትታት ጥፍት አለች። ዞር ብል የብሩክ ስክሪን ላይ ቆማለች! ያኔ ገባኝ። ጠረጴዛው መዛወሩን ለፕሮግራሙ የነገረው የለም። ብሩክን የሚፈልገው አሁንም በቀኜ፣ ድሮ በነበረበት በኩል ነው።

እንደ እኔ።

ማስተካከሉ ቀላል ነበር። የፕሮግራሙ ሴቲንግ ውስጥ ስማችን የተጻፈባቸው ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ «ብሩክ» የሚለውን ይዤ ከቀኜ ወደ ግራዬ ጎተትኩት።

ብሩክ አዲስ ማውስ ይዞ ሲወጣ «ተስተካከለ!» አልኩት፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። ቀስቷን ገፋኋት፤ ሰተት ብላ የእሱ ስክሪን ላይ ገባች።

«ምን ሆኖ ነው?»

«አንተ ቦታ ስትቀይር እሱ አላወቀም።»

ሳቀ። ከእኔ ጋር ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል። «ወይ ሜሪ! እኔ ደግሞ አንቺ ላይ እጮሃለሁ» አለና አዲሱን ማውስ ከካርቶኑ አውጥቶ የእኔ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ፕሮግራሙንም ዘጋው። «ከዛሬ ጀምሮ የራስሽ አለሽ። ማንንም ማስፈቀድ የለብሽም።»

ደግነት ነው፤ ይገባኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግላችሁ «አመሰግናለሁ» ከማለት ሌላ ምን ትላላችሁ? አመሰገንኩ። ከዚያ በአዲሱ ማውስ ቀስቷን ወደ ግራ ገፋኋት። ጫፉ ላይ ቆመች።

«ልለፍ?» አልኩ።

ብሩክ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ጓደኞቹ ሊሄድ በዚያ የማን እንደሆነ በማይታወቀው መሰላል ወረደ።