ዳንቴል የለበሰችው ኮምፒውተር

እስቲ ይህን ንባብ ለአፍታ ተዉትና ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። ቴሌቪዥኑ ላይ ምን አለ? ዳንቴል። ፍሪጁ አናት ላይስ? ዳንቴል፤ በዳንቴሉ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ። ሶፋው ከተገዛ ስንት ዓመቱ ነው? እውነተኛ ቀለሙን ግን እናንተም ረስታችሁታል፣ እንግዳም አይቶት አያውቅም፤ ምናልባት የሸጠላችሁ ሰውዬ ያስታውሰው ይሆናል። በእኛ ዘንድ የተወደደ ነገር ራቁቱን አይቀመጥም። የምናከብረውን እንሸፍናለን፤ የምናፍርበትንም እንሸፍናለን። ጨርቁ አንድ ነው።

እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ፊደልም አልቆጠርኩም፤ ዕድሜዬን ስቆጥር የኖርኩት ብሎኬት ነው። ግንበኛ ነበርኩ፤ እዚህ ሀዋሳ ላይ እጄ ያላረፈበት ሰፈር ጥቂት ነው። አሁን ጉልበቴ ስለከዳኝ አዲስ ከተማ ሰፈር ባለችው ቤቴ፣ ግቢዬ ውስጥ አቮካዶው ሥር ወንበሬን አስቀምጬ እውላለሁ። ይህንንም እኔ እየተናገርኩ የጻፈልኝ ልጄ ማቴዎስ ነው። ስለ እሱ የምለውን እንዳይቆርጥ ቃል አስገብቼዋለሁ። ቆርጦ ከሆነ እናንተም አታውቁም፣ እኔም አላውቅም።

ማቴዎስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ዓምና የውኃ ፓምፓችን በጠራራ ፀሐይ ከግቢ ተነቅሎ ሲሄድ «ካሜራ ይግባ» አለ፤ ገባ። አንዱ በሩን ያያል፣ አንዱ የልብስ ማስጫውን ሽቦ ያያል። ያዩትን ተቀብላ የምታስቀምጠው ግን አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ትንሽ ስላችሁ ትንሽ ናት። በግማሽ ጡብ ለካኋት፣ ግማሹ ጡብ በለጣት። ያገለገለች ገዝቶ አምጥቶ «ሰርቨር ናት» ሲለኝ፣ ሰርቨር የሚባለው አንድ ክፍል የሚሞላ ነገር ይመስለኝ ስለነበር ክዳኑን ይዞ ሣጥኑን የረሳው መሰለኝ።

«ትልቁ ኮምፒውተር ቀን ከሌት ከሠራ ቆጣሪውን ያስሮጠዋል፣ አባባ» አለኝ። «ይቺ ግን ከአንድ አምፖል አትበልጥም። መብራት ሲሄድ እንኳ በዚች ባትሪ ግማሽ ቀን ትቆያለች። ምስሉም እዚሁ ቤት ነው የሚቀመጠው፤ ሰው አገር አይሄድም።»

ነገሯ ደስ አለኝ። ጥቂት የሚበላ፣ ድምፅ የማያሰማ፣ ያየውን ለቤቱ ይዞ የሚቀመጥ። «እኔን እኮ ነው የገለጽከው» ልለው አስቤ ተውኩት።

ኮምፒውተሯ ሳሎን፣ ቡፌው ላይ ተቀመጠች። ባለቤቴ አስቴር ሁለት ሦስት ቀን በጎን እያየቻት አለፈች። በመጨረሻ «ይቺ ልጅ ራቁቷን ናት» አለችና ኪሮሿን አነሳች። ሳምንት አልፈጀባትም። ነጭ፣ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው፣ ለልኳ የተሠራ ዳንቴል ሆነ። ዳንቴል ብቻውን ቀዳዳ ስለሆነ አቧራ ያስገባል ተብሎ ከሥሩ ከፈይ ገባበት። ከላይ አበባ ያለበት ማስቀመጫ ተጫነ። እውነቱን ልናገር፣ አማረባት። ይህ የሆነው አንድ ሐሙስ ቀን ነው፤ ሐሙስን ያዙልኝ።

ማቴዎስ ሳይነግረን የቀረ አንድ ነገር ነበር። ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች በሆዳቸው ማራገቢያ አላቸው፤ ይቺ የላትም። ሙቀቷን የምታስወጣው በገላዋ ነው። ኋላ ስንወቅሰው «ይህን እኮ ማንም ያውቀዋል» አለን። ማንም ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ቤት ግን አይኖርም።

አሁን አማረችን ላስተዋውቃችሁ። አማረች ልብስ አጣቢ ናት። ሦስት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች፤ በሰፈራችን በሰባት ቤት ታጥባለች፣ ዓርብ የእኛ ቀን ነው። ልብስ አጣቢ ጉልበቷን የምትሸጥ ይመስላችኋል። ስሟን ነው የምትሸጠው። ከሰባቱ ቤት አንዱ «ዕቃ ይጠፋል» ያለ እንደሆነ፣ ስድስቱ ሳይጠይቁ በራቸውን ይዘጋሉ። ያን ጊዜ ጉልበቷ እንዳለ ነው፤ የሚገዛው ግን የለም።

አስቴር በቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራኑን ጋውን የማሳጠብ አገልግሎት አላት። ጋውኖቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ነጭ አንገት። ሐሙስ በከረጢት ይመጣሉ፣ ዓርብ አማረች ታጥባለች፣ ቅዳሜ የመዘምራኑ መሪ ወንድም ዮናስ መጥቶ ይወስዳል። የዚያ ሳምንትም እንደዚያው ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዮናስ መጣ፤ አስቴር የተተኮሱትን ጋውኖች ሶፋው ላይ ዘርግታ እየቆጠረች ታስረክበው ጀመር። ድምጿ እስከ ዘጠኝ ድረስ ጥሩ ነበር። አሥር ላይ ቀነሰ። አሥራ አንድ ላይ ቆመ።

እንደገና ቆጠረች። ያው ነው።

«አሥራ ሁለት ነበር እኮ» አለች።

«ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ነው፣ እናታችን» አለ ዮናስ።

የአማረችን ስም ያነሳ ሰው የለም። ጨዋዎች ነን። ብቻ አንዱ «ትናንት ማን ነበር ያጠበው?» አለ፤ ሌላዋም «አማረች ናት» ብላ መለሰች። እኛ ሰውን ሌባ የምንለው እንዲህ ነው፤ በጥያቄና በመልስ።

ተደወለላት። ሌላ ቤት እያጠበች ስለነበር የሳሙናው አረፋ ክንዷ ላይ ሳይደርቅ መጣች። ነገሩን ሰማች። አላለቀሰችም፣ አልማለችም። በመስኮቱ ወደ ግቢው አየችና በጣቷ አመለከተች።

«ያ ካሜራ ሽቦውን ያያል አይደል? እኔን ያየኛል አይደል? ይታያ! አሁኑኑ ይታይ!»

ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ማቴዎስም ደስ አለው፤ ገዝቷት ከመጣ ጀምሮ ኮምፒውተሯ እስካሁን የያዘችው ድመትና ዶሮ ብቻ ነበር። ምስሉን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረው። እኛ እንደ ፊልም ተመልካች በተርታ ተቀመጥን። አማረች «ተቀመጪ» ስትባል እምቢ ብላ ቆመች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ አውቅ ነበር። ዓርብ ቀን አቮካዶው ሥር ተቀምጬ ስታሰጣ አይቻታለሁ። ከላይኛው ሽቦ ስድስት፣ ከታችኛው አምስት። የግንበኛ ዓይን ክፉ አመል አለው፤ ረድፍ ሲጎድል ያሳክከዋል። ከታች በኩል የጎደለችው የአንድ ጋውን ቦታ ቀኑን ሙሉ ስታሳክከኝ ዋለች። ስለዚህ የጠፋ ነገር እንደሌለ፣ ከመጀመሪያውም የመጣው አሥራ አንድ እንደነበር ከሁሉም በፊት አውቄያለሁ።

ታዲያ ለምን ዝም አልክ ትሉኛላችሁ። ጠየቃችሁኝ፣ ደግ አደረጋችሁ። «አሥራ አንድ ነው የመጣው» ማለት፣ ባለቤቴን በቤተ ክርስቲያን ሰው ፊት «ሳትቆጥሪ ነው የተቀበልሽው» ማለት ነው። በትዳራችን ሰው ፊት አስነውሬያት አላውቅም። ደግሞ ማሽኗ አለች አልኩ። እሷ ትናገር፤ በማሽን ላይ ማን ይቀየማል? አባቶች «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ እኔም በዚሁ ተማምኜ አርጅቻለሁ። እናም ምስክርነቴን ለግማሽ ጡብ አሸክሜ ተቀመጥኩ።

ምስሉ መጣ። ሰኞ። ማክሰኞ። ረቡዕ። ሐሙስ ረፋድ ላይ አንዲት ዶሮ ግቢውን ስታቋርጥ ታየች። ዶሮዋ ሳትሻገር ቴሌቪዥኑ ጨለመ።

ማቴዎስ ወደፊት አለ፣ ወደኋላ አለ፤ ጨለማ። ተነስቶ ወደ ቡፌው ሄደ። አበባውን አነሳ፣ ዳንቴሉን አነሳ፣ ከፈዩን አነሳ፤ እጁን አሳርፎ ወዲያው ሳበው።

«ማነው ይህን ያለበሳት?»

«እኔ ነኝ» አለች አስቴር። «ምን ላድርግ፣ ራቁቷን ትቀመጥ?»

«እማዬ! ይቺ እኮ በገላዋ ነው የምትተነፍሰው! በዚህ ሙቀት ጋቢ አልብሰሻታል!»

«ሞተች?»

«አልሞተችም፤ ሙቀት ሲበዛባት መቅረጽ ታቆማለች። ከሐሙስ ጀምሮ እንዳቆመች ናት። ዓርብን አልያዘችም።»

ዮናስ መሬት መሬቱን እያየ «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» አለ። መልካም ቃል ነው። በዚያች ደቂቃ ግን ትርጉሙ «እኛ ባናውቅም እንጠረጥራለን» ነበር፤ አማረችም እንደዚያው ነው የሰማችው። እስካሁን የቆመችው ሴትዮ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ሰው ሁሉ ካሜራ ይፈራል» አለች። «እኔ ሲሰቀል ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! በሰባት ቤት አጥባለሁ፤ ስሠራ የሚያየኝ የለም፣ ዕቃ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚያዩኝ። እዚህ ቤት እንኳ አንድ ዓይን አለኝ ብዬ ነበር። እሱንም በዳንቴል አፈናችሁት?»

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ለካ ዝምም ይነቅዛል። ከወንበሬ ተነሳሁ።

«አሥራ አንድ ነው ያሰጣችው» አልኩ። «ከላይ ስድስት፣ ከታች አምስት። ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ከቤተ ክርስቲያንም የመጣው አሥራ አንድ ነው።»

ማቴዎስ ቀስ ብሎ «አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። ልብ በሉ፤ ማሽኗን እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

«ይህን ቤት በስንት ብሎኬት እንደሠራሁት ልንገርህ?» አልኩት። ተወኝ።

አስቴር አየችኝ። «ትናንትም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

የፈራሁት የእሷን ፊት ነበር። የጎዳኝ ግን ከወለሉ የመጣው ድምፅ ነው። አማረች ቀና ብላ «ጋሼ… እያወቁ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ።

ዮናስ ስልኩን አውጥቶ መዘምራኑን አንድ በአንድ መደወል ጀመረ። ይህን መጀመሪያ ማድረግ ይቻል እንደነበር እናንተም ሳታስቡት አልቀራችሁም፤ እኛ ግን ካሜራ ነበረን። ሦስተኛዋ ልጅ ስታነሳ ድምፅ ማጉያውን ከፈተው።

«ውይ ወንድም ዮናስ፣ እኔ ጋ ነው! ባለፈው እሑድ እንደለበስኩት ‹እህትሽ ወለደች› ብለው ቢደውሉልኝ ወደ ቡሹሎ በረርኩ። አሁንማ ሕፃኑ ተጠቅልሎበታል፤ አጥቤ አመጣዋለሁ!»

አንድም ሰው አልሳቀም። ሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር።

አስቴር ተነሳችና አማረች አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ እንደሚያማት አውቃለሁ። «ከቤተ ክርስቲያን ሲመጣ በእምነት ተቀበልኩት» አለቻት። «ካንቺ እጅ ስቀበል ግን ቆጠርኩት። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብያለሁ፣ እትዬ» አለች አማረች። ቶሎ ነው ያለችው። ሦስት ልጆች ያሏት ሰው ይቅርታ ለማድረግ ብዙ ጊዜ የላትም።

ማቴዎስ ኮምፒውተሯን ከሥሯም አየር እንዲያገኛት ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አሳረፋት። ራቁቷን ሥራዋን ቀጠለች። ዳንቴሉ የስኳር ዕቃው ላይ ተዛወረ፤ ይሰፋዋል፣ ግን ስኳር አይተነፍስም።

በሚቀጥለው ዓርብ አማረች መጣች። ሠላምታዋ ያው፣ እጥበቷ ያው። ከሰዓት በኋላ መውጫዋ ሲደርስ አስቴርና እኔ ሳሎን ነበርን፤ ማቴዎስ ቴሌቪዥኑ ላይ በሩን የሚያሳየውን ምስል ትቶልን ሄዶ ነበር። አማረች በሩ ጋ ደረሰችና ከካሜራው ሥር ቆመች። ፌስታሏን ከፈተች። የላስቲክ ጫማዋን አውጥታ ወደ ላይ አሳየች። ሻሿን አውጥታ ዘርግታ አሳየች። ቁራጭ ሳሙናዋን አሳየች። ባዶውን ፌስታል ገልብጣ አራገፈችው። ከዚያ ሁሉንም መልሳ ከተተችና ወጣች።

እንዲህ አድርጊ ያላት ሰው አልነበረም።

አስቴር በማግስቱ ሄዳ «እንደዚያ አታድርጊ» ብትላት፣ «እሺ እትዬ» አለቻት። ዓርብ መጣ፤ እንደገና አደረገችው።

ስለዚህ ባለቤቴ የራሷን ዘዴ ፈጠረች። አሁን ዓርብ ዓርብ፣ አማረች እጇን ስትታጠብ ጠብቃ ፌስታሉን ብድግ ታደርግና፣ ያንን የታመመ ጉልበቷን እየጎተተች፣ ካሜራውን ቀና ብላ ሳታይ በበሩ ፈትለክ ብላ ትወጣለች፤ ባጃጅ መያዣው ድረስ ልትሸኛት ነው። አማረች ከኋላዋ «እትዬ፣ ኧረ ይስጡኝ! ኧረ እትዬ!» እያለች ትሮጣለች።

ይህም ተቀርጾ እቤታችን፣ ቡፌው ላይ፣ አንድ ሳይጎድል ተቀምጧል። ነገራችንን የማያውቅ ሰው መጥቶ ያን ምስል ቢያይ፣ በጠራራ ፀሐይ የድሃ ፌስታል ቀምታ የምትሮጥ አሮጊት ሌባ ተይዛለች ብሎ ይምላል።