ግራ እጄ ያስቆመው ዘፈን

እናንተዬ! ዛሬ ሰርግ ቤት የሠራሁትን ጉድ ብነግራችሁ አታምኑኝም!

ሃያ ሁለት ሰፈር ተጠርቼ በልቼ ጠጥቼ ተቀምጫለሁ። የማያርፈው ወንድሜ ለባንዱ "እሱ እኮ የድሮ ድራመር ነው" ብሎ አሳበቀ። ጎትተው አስነሱኝ።

ተቀመጥኩ። መታሁ። ኮንፊደንሴን ብታዩት!

መሀል ላይ ኤምሲው "እጅ ወደ ላይ!" ብሎ ጮኸ።

ግራ እጄ ተነሳ። እኔን ሳያማክር። ጡጫ ጨብጦ!

የልጄ ልጅ ቪዲዮውን "አያቴ ምን ሆኖ ነው?" ብላ ለጥፋዋለች። ኮመንቱን አንብቤ ከምታመም እኔው ልናገር። የዚህ እጅ ጣጣ የጀመረው በደርግ ጊዜ ነው።

ያኔ ተማሪ ነኝ። ቤታችን ቦሌ ሚካኤል ነው፤ አባባ ጎሚስታ ናቸው፣ የመኪና ጎማ ይለጥፋሉ። እኔ ደግሞ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ድራም መቺ!

ለማታውቁ ልጆች፦ ያኔ ቀበሌ ሁሉ የራሱ ባንድ ነበረው። አዎ፣ መታወቂያ የሚሰጣችሁ ቀበሌ! በዓል ሲደርስ በአዳራሹ ስለ አብዮቱ ይዘፈን ነበር።

ድራሙ የቀበሌ ንብረት ስለሆነ ከአዳራሽ አይወጣም። ቤት የምለማመደው በአባባ አሮጌ ጎማ ላይ ነው። ለሲምባል የእማዬን ትሪ ሰቅያለሁ።

ጎማው ምንም አይል። ትሪው ግን ሰፈር አስነሳ!

"ኧረ ይህን ልጅ ጠበል ውሰዱት!" አሉ ጎረቤታችን በአጥር።

መላ መታሁ። ትሪውን የምመታው አውሮፕላን ሊያርፍ በላያችን ሲያልፍ ብቻ ሆነ። በዚያ ጩኸት ትሪ ማን ይሰማል? ቦሌ መኖር ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል!

ችግሩ አዳራሽ ስገባ መጣ። አስተማሪዬ አሥር አለቃ ነበሩ፤ ከጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል በጡረታ የወጡ ሰውዬ።

"አንተ፣ ሲምባሉን ጀምረህ የማትተወው ለምንድነው?"

"አሥር አለቃ፣ አውሮፕላኑ እስኪያርፍ እኮ ነው!"

ግንባራቸውን ይዘው ተቀመጡ።

እየተሻሻልኩ ነበር ግን፣ እውነቴን ነው! ምቱን እያፈጠንኩ መሮጥ ተውኩ። ከዘፋኟ ቀድሜ መጨረስም ተውኩ። አሥር አለቃ አንድ ነገር ብቻ ይነዘንዙኛል፤ "እጅ ይሳሳታል፣ ትልቁን ከበሮ የሚመታው እግርህ ግን እንዳይቆም።" እኔ ደግሞ የምለፋው ለእጄ ነው። ዘፋኛችን ለተብርሃን የምታየው እጄን ነዋ! እግር ማን ያያል?

የአብዮት በዓል ደረሰ። ከየቀበሌው ጎበዝ ጎበዙን መርጠው ወደ ከፍተኛው ኪነት ሊወስዱ ነው። ከፍተኛ ማለት ቀበሌዎቹን ሁሉ የሚያስተዳድረው ነው፤ ድራሙ አዲስ፣ ልብሱ አዲስ።

አባባ ጠሩኝ።

"ዘንድሮ ካልተመረጥክ የድራም እንጨቶችህ ወደ ምድጃ፣ አንተ ወደ ጎማ!"

አባባ ካሉ አሉ ነው። እኔ ጎማ መደብደብ እንጂ ጎማ መለጠፍ አልፈልግም ነበር፤ ከዚያ ድራም ውጭ የምወደው ነገርም አልነበረኝም።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። መራጮቹ ፊት ተቀምጠዋል። አባባ ኮታቸውን ለብሰው ከነሱ ጀርባ ናቸው።

ጀመርን። እናንተዬ፣ እንዴት አሪፍ ነበር! አልሮጥኩም። አውሮፕላንም አልጠበቅኩም። ቀና ስል አባባ ጭንቅላታቸውን ከዜማው ጋር ይነቀንቃሉ። አባባ!

በቃ ተመረጥኩ አልኩ።

ይህን ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደስታው ገንፍሎባቸው ብድግ አሉ።

"ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!"

ያኔ መፈክር ሲባል ግራ እጅ በጡጫ ይነሳል። የሁሉም። ወዲያው። ያላነሳ ሰው "ለምን?" ተብሎ ይጠየቃል፤ ጥያቄው ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ስለዚህ ሰው ሳያስበው ነው የሚያነሳው፣ እንደ ማዛጋት በሉት።

ልምምድ ላይ ደግሞ መፈክር ያሰማ ሰው አልነበረም!

ግራ እጄ ከነእንጨቱ ተነሳ። ቀኝ እጄ ደንግጦ ቆመ። እግሬም፣ ያ የተመከረው እግሬ፣ ቆመ።

ዘፈኑ ቀጥ አለ። አኮርዲዮኑ ብቻ እህህ ብሎ ተነፈሰ።

ለተብርሃን ዞር አለች። "አንተ! አውርድና ምታ እንጂ!"

እንዴት አወርዳለሁ? ሊቀመንበሩ አላወረዱማ! ቀድሞ የሚያወርደው ሰው እናንተ ብትሆኑ ደስ ይላችኋል?

አዳራሹ በሙሉ ጡጫውን አንስቶ ጸጥ አለ። አባባም እጃቸውን አንስተው እኔን ያያሉ።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ተቀመጡና ቀጥሉ ተባልን። ከየት? ለተብርሃን ከአዝማቹ ጀመረች፣ አኮርዲዮኑ ከመግቢያው፣ እኔ ከድንጋጤዬ ብዛት ከአውሮፕላኑ።

ውጤት ተነበበ። ስሜ ተጠራ!

ዘለልኩ! ለተብርሃንን ላቅፋት ምንም አልቀረኝ!

"...ሥራውን ትቶ ከሁሉም ቀድሞ እጁን ያነሳ ጓድ በመሆኑ፣ በመፈክር አስተጋቢነት ተመርጧል።"

በመፈክር አስተጋቢነት! ድራም መቺው ከሌላ ቀበሌ ተወሰደ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ከአባባ ጋር ወደ ቤት ሄድን። ደጃፋችን ስንደርስ እንጨቶቹን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

"ተመርጠሃል አይደል?"

"አዎ፣ ግን አባባ... ለመፈክር ነው።"

"ካልተመረጥክ አልኩ እንጂ ለምን እንደሆነ አላልኩም።"

እንጨቶቹን መለሱልኝ። ከዚያ አንድ ጎማ እያንከባለሉ አመጡና ፊቴ አስቀመጡት።

"እስቲ ያቺን ከመቆምህ በፊት የመታሃትን ድገምልኝ።"

አለቀስኩ እኮ! እያለቀስኩ መታሁላቸው። በዚህ የሚስቅ ካለ ይሳቅ።

አሥር አለቃ ግን አላዘኑልኝም። በማግስቱ "ግራህን አንሳ" አሉኝ። "ሳታወርድ ምታ።" በቀኝ እጅና በእግር ብቻ! ልክ ምቱ ውስጥ ስገባ፣ ሳላስበው ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው "ይውደም!" ይሉኛል። የሚውደም ነገር ሲያልቅባቸው ጎመን ሳይቀር አወደሙ። እግሬ መቆም እስኪረሳ ድረስ አሠሩኝ።

እና የዛሬውን ቪዲዮ ስታዩ እጄን ተዉትና ጆሯችሁን ስጡኝ። ድራሙ አልቆመም! አንዴም! ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ ነበር።

አባባ ይህንን ሳይሰሙ አለፉ፤ እሱ ያንገበግበኛል።

እጄን በተመለከተ ግን... ዘፈኑ እስኪያልቅ እንደተነሳ ነበር። ሊቀመንበሩ የሉም፣ አዳራሹ ፈርሷል፣ ኤምሲው ደግሞ አንሱ ብሎ ረስቶናል። ለመሆኑ አሁን አውርድ የሚለኝ ማነው?