ሐዋሳ በበቆጂ በኩል

ልጄ ኤሌኒ ሰርጓ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር እንደሚሆን የነገረችኝ ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ ቆመን ውሃ መጣ አልመጣም ስንባባል ነው። ከአጥሩ ወዲያ ጆሮውን የጣለው ጎረቤቴ ላቀው፣ እንኳን ደስ አለሽ እንኳ ሳይል፣ «በየት በኩል ነው የምንሄደው?» አለ።

በየሰፈሩ እንዲህ ዓይነት አንድ ሰው አይጠፋም። ሰርግ ስትጠሩት የሚሰማው መንገድ ነው። የጥሪ ካርዱን ሲቀበል ስሙ በትክክል መጻፉን አያይም፤ ቦታው ስንት ከተማ ታልፎ እንደሚደረስ በጣቱ ይቆጥራል። ሙሽራዋ ለእሱ የጉዞው ምክንያት ናት እንጂ ሌላ ምንም አይደለችም።

በእኛ በለቡ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር አቶ ላቀው ናቸው። (ሲያናድደኝ አንቱ እለዋለሁ።) ማንም አልሾማቸው፣ ማንም አያወርዳቸው። መፈክራቸው «እግረ መንገዳችንን» የምትል ናት። አንድ ጊዜ ፉሪ ምስማር ልንገዛ ወጥተን፣ እግረ መንገዳችንን ወንጪ ሐይቅን አይተን፣ ማታ ያለ ምስማር ተመልሰናል። ሌላ ጊዜ ብስራተ ገብርኤል የታመመ ዘመዳቸውን ልንጠይቅ ሄድን። ክቡርነታቸው በሽተኛውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ አየር ይቀይር ብለው እንጦጦ አወጡት። ሰውየው ድኗል፤ ግን ላቀውን ከሩቅ ሲያይ እስከ ዛሬ መንገድ ይቀይራል።

እኔ ሐዋሳ መሄድ አልፈለግሁም ነበር። ባለቤቴ ፅጌረዳ ካረፈች ዓመት አልፏል። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ጢሙን ያሳድጋል፤ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሽማግሌዎች መጥተው ያስላጩታል፣ ጥቁሩን ያስወልቁታል። ለእኔም መጥተው ነበር። «ትንሽ ቆዩልኝ» ብዬ መለስኳቸው፤ ትንሹ ረዘመ። ሰርግ ላይ ደግሞ ሙሽሮቹ ተንበርክከው የወላጆቻቸውን ጉልበት ይስማሉ። አባት ይመርቃል፣ እናት ትመርቃለች። ለሙሽራዋ ወላጆች ሁለት ወንበር ይቀመጣል። እኔ አንዱ ላይ ተቀምጬ ሌላውን ባዶውን ማየት የምችል አልመሰለኝም።

«ከዚሁ እመርቅሻለሁ፤ ስልክ አለ» አልኳት ኤሌኒን።

«በስልክ ጉልበት አይሳምም፣ አባዬ» አለችኝና ወደ ውስጥ ገባች። እናቷም እንደዚያው ነበረች። አንድ ነገር ተናግራ ጓዳ ትገባለች፤ ቀሪውን ለብቻዬ እጨርሰዋለሁ።

በማግስቱ ላቀው መጣ። ስለ ሰርጉ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

«በሜዳው መንገድ አንሄድም» አለ ሳይቀመጥ። «በሞጆ በዝዋይ ሰው ሁሉ ይሄዳል። ሜዳማ ለቡም ሞልቷል። እኛ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላ አድርገን ተራራ ተራራውን ነው።»

«እኔ ሰርግ አልሄድም፣ ላቀው።»

«ማን ሰርግ አለህ? ተራራ ነው ያልኩህ። ከዶዶላ ትመለሳለህ፤ አውቶቡስ እንደሆነ ሞልቷል።»

«ከዶዶላ?»

«ከዶዶላ። እግረ መንገዳችንን ብርድ ይመታሃል። ይጠቅምሃል።»

ሰርጉ ቅዳሜ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ተነሳን። ሙሽራዋ ከሚዜዎቿ ጋር በሜዳው ቀድማ ሄዳለች። የእኛን ሚኒባስ የሚነዳው የሰፈራችን ልጅ ኢድሪስ ነው። የላቀው ባለቤት ገዲሴ አንድ ሰፌድ ዳቦና አንድ ቅል ሙሉ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይዛ ከኋላ ተቀመጠች። ክቡር የጉዞው ሊቀመንበር ከፊት ሆነው በየድልድዩ ገለጻ ሰጡ።

ከአሰላ በላይ መንገዱ ሽቅብ መጠምዘዝ ሲጀምር ገለጻው ቆመ። ዘወር ብዬ ሳያቸው ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ከኪሳቸው ሎሚ አውጥተው በጥፍራቸው ቧጭረው ያሸታሉ።

«ምን ሆንክ?»

«ቁርሱ ነው» አሉ፤ ቁርስ ግን አልበሉም ነበር።

ቢሆንም በየከተማው መቆማችን አልቀረም። አንዱ ጋ ሁለት ኩንታል ድንች ገዙ፣ አንዱ ጋ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዱ ጋ የልጅ ጭንቅላት የሚያህል ጥቅል ጎመን።

«ሰርግ ነው የምንሄደው ወይስ ምግብ ቤት ልንከፍት?» አለች ገዲሴ፣ እግሯን የምታስቀምጥበት አጥታ።

በቆጂ ልንገባ ስንል ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች ዳገቱ ላይ በግራ በኩል አለፉን። አንዷ ዞር ብላ እጇን አወዛወዘችልን።

«ኢድሪስ፣ እግረኛ ቀደመህ እኮ» አልኩት።

«ጋሼ፣ እነሱ ድንች አልጫኑም።»

ሳቅሁ። ገዲሴ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር፤ ስስቅ ግን ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

በቆጂ ላይ ላቀው «እግረ መንገዳችንን ጢሜን ልስተካከል» አለ። ጢም የለውም። ጸጉር አስተካካይ ቤት ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ መልሶ ተነሳና «አንተ ቅደም» አለኝ። ልመልስለት ስል ኢድሪስም ገዲሴም ከኋላዬ ገብተው በሩ ሥር ቆመዋል። ኢድሪስ ኮፍያውን አውልቋል። ያኔ ገባኝ። ሽማግሌዎቼ መልሰው መጥተውብኛል፤ ያውም ሦስት መቶ ዳገት ወጥተው፣ አንደኛው የሹፌር ጃኬት ለብሶ።

ጸጉር አስተካካዩ ጥቁር ልብሴን አየ፣ ጢሜን አየ። ምን ላድርገው ብሎ አልጠየቀም። «እግዜር ያጽናዎት» ብሎ ፎጣውን አንገቴ ላይ አሰረ።

«ነፍሷን ይማር» አለች ገዲሴ።

«አላህ ይዘንላት» አለ ኢድሪስ።

ላቀው መላጫው አገጬ ጋ እስኪደርስ ትከሻዬን ይዞ ቆየ። ሲያበቃ መስታወቱ ውስጥ ያየሁት ሰው ከእኔ ትንሽ ወጣት፣ ትንሽም የደነገጠ ነበር። ውጭ ስንወጣ ገዲሴ ከሻንጣዋ አንድ ነጭ ሸሚዝ አወጣች። ልኬ ነው። ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኋትም።

በቆጂ አድረን ዓርብ ጠዋት ዶዶላ ስንደርስ ግን ላቀው ቃሉን ጠበቀ። መናኸሪያው በር ላይ አስቆመና ሻንጣዬን ራሱ አወረደ። እግረ መንገዳችንንም፣ እባክህንም አላለም። የአዲስ አበባ መኪና መኖሩን ሊጠይቅ ሲገባ ገዲሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«መዝገቡ፣ ይሄ ሰውዬ ጠመዝማዛ አይችልም እኮ። ወንጪ የሄዳችሁ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው ነው ያደረው።»

«ታዲያ ለምን በዚህ አመጣን?»

«እኔም እሱን ጠይቄዋለሁ። ‹በሜዳው በግማሽ ቀን እንደርሳለን፤ መዝገቡ ደግሞ ቶሎ መድረስ አይችልም› አለኝ።»

ላቀው ተመለሰ፤ ሎሚው አፍንጫው ላይ ነው። «አለ። መስኮት በኩል ይዤልሃለሁ።»

የተላጨ ፊቴን ብርዱ ይነካኛል። አውቶቡሱን አየሁት። ጥሩ አውቶቡስ ነበር።

«ሎሚ ቀርቶሃል?» አልኩት።

«ሁለት።»

«ሐዋሳ ያደርስሃል?»

ትንሽ አየኝ። «ከኮፈሌ በኋላ ቁልቁለት ነው» አለ። «ያደርሰኛል።»

ኢድሪስ ማንም ሳያዘው ሞተሩን አስነሳ።

ሐዋሳ፣ ሰርጉ የሚደረግበት ሆቴል በር ላይ ጥበቃው ኩንታሎቹን አይቶ «የዕቃ መግቢያ በጓሮ በኩል ነው» አለን። ክቡርነታቸው ደረታቸውን ነፍተው «እኛ የሙሽራዋ ቤተሰብ ነን፤ ይሄ ደግሞ የአርሲ ድንች ነው» አሉት። ሰውየው ምን ይበል፣ አስገባን።

በማግስቱ ሁለት ወንበር ተቀመጠ። ገዲሴን ተቀመጪ ብላት «የእሷ ነው» ብላ ከኋላው ቆመች። ኤሌኒና ሙሽራው ዮኒ ተንበርክከው ጉልበቴን ሳሙ። ኤሌኒ ቀና ስትል አገጬን በእጇ ዳሰሰችው፤ ሳቀች፣ ሜካፗም ትንሽ ተበላሸ። ወንበሩ ባዶ ነበር፤ እኔም ተቀምጬ ነበር። «ውለዱ፣ ክበዱ፤ እንጀራችሁ አይጉደል፤ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ኑሩ» አልኩ። ላቀው ከአዳራሹ ሁሉ ቀድሞ፣ ከአዳራሹ ሁሉ ጮክ ብሎ «አሜን» አለ። ከዚያ እስክስታ ወረደ፤ እኔንም ጎትቶ አስገባኝ፤ ጉልበቴን እስከ ሰኞ አሞኛል።

እሑድ ጠዋት ሙሽሮቹ ገና ቁርስ ላይ ሳሉ መጥቶ «እግረ መንገዳችንን ወንዶ ገነት ፍል ውሃው ጋ...» ሲል ዮኒ ሳያስጨርሰው ተነሳ። ሙሽሪት ከነቬሎዋ ሻንጣ ድንቹ ላይ ተቀምጣ ሄደች። እንደዚህ ያለ ጎረቤት ያላችሁ ካላችሁ አታስቀይሙት። እኔ ይህን የምጽፈው ላቀው ከአጥሩ ወዲያ ስለ ሐረር መንገድ ከኢድሪስ ጋር ሲከራከር እየሰማሁ ነው፤ ሐረር ማን እንደሚያገባ ገና አልተናገረም።

የአባትነቴን መርቄያለሁ። ፅጌረዳ ብትኖር ምን ብላ እንደምትመርቃት አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ከአፌ አልወጣም። ለኤሌኒ እስካሁን አልነገርኳትም።