ሱሪ ልተኩስ ብዬ

ቤት የሚያቃጥለው እሳት እንዳይመስላችሁ! ቤት የሚያቃጥለው «ለእኔ ተዉት፣ እኔ ዐውቃለሁ» የሚል ባል ነው። ማስረጃ ካላችሁኝ ይኸው ቆሜያለሁ... ቅንድብ ባይኖረኝም።

አምባ ጊዮርጊስ ያሉ ዘመዶቻችን ቤት ከኩራዝ በተነሣ እሳት ጋየ ሲባል ሰማሁ። ሰው ተርፏል፣ እግዜር ይመስገን። እኛ ደግሞ የምንኖረው ጎንደር፣ ከአራዳ በታች፣ ክዳናቸው ከተነካካ የሣር ቤቶች መካከል ነው። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ከቤቱ ሆኖ «ይማርህ» ይላል፤ አንዱ ቢቃጠልማ! እናም በዚያው ዕለት ራሴን የእሳት አለቃ አድርጌ ሾምኩ። ጣሊያን ጥሎ ከሄዳቸው ባለ ክዳን ቆርቆሮዎች ሁለት ፈልጌ፣ በአንዱ ላምባችንን ገለበጥኩና ከማጀት አውጥቼ በሩ ሥር አኖርኩት። በሌላው «እሳት ቢነሣ» ብዬ ውሃ ሞላሁና... ከጎኑ!

ባለቤቴ ተዋበች አየችና ቆመች።

«ምነው፣ ሁለቱን መንትያ አደረግኻቸው?»

«እኔ እለያቸዋለሁ።»

«በምን?»

«በሽታው ነዋ!»

ሐሙስ ጠዋት አዲሱ ገዥ ከተማ ሊገቡ ነውና፣ እኛ የመንግሥት ጸሐፊዎች ሱሪያችንን ተኩሰን እንድንሰለፍ ታዘዝን። ተዋበች ጓሮ ጋቢ ታጥባለች።

«ትንሽ ታገሥ፤ ካውያውን ውጭ አቀጣጥዬ እኔው እተኩስልሃለሁ» አለችኝ።

ማን ይታገሣል? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል ለሴት ብቻ የተተረተ መስሎኝ! ሱሪዬን አልጋው ጫፍ ላይ ዘርግቼ ካውያውን ከሰል ሞላሁ፣ እዚያው አልጋው አጠገብ ቆሜ እፍ... እፍ አልኩበት። ፍንጣሪው ዘሎ ገለባ ፍራሹ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ጭስ፤ ቀጥሎ ቦግ!

አልጋው ላይ የስምንት ወር ልጃችን ተኝታ ነበር። እዚህ ላይ እኔም አልሥቅም። እንዴት እንዳነሣኋት አላውቅም፤ ብቻ ጩኸቴን ሰምተው በሩ ላይ ለደረሱት ጎረቤታችን፣ ለጨርቅ ነጋዴው ለአያ ሰይድ፣ ታቅፌ ሰጠኋቸው። ከዚያ አንዱን ቆርቆሮ አነሣሁ።

«ቁም!» አለች ተዋበች ከጓሮ እየሮጠች። «አሽትተው!»

አሸተትኩ። ምንም! ለካ ከሦስት ቀን ጀምሮ ጉንፋን ይዞኛል። «በሽታው እለያለሁ» ያልኩት ሰውዬ፣ በሽታው እኔው ላይ ነበር! እሳቱ ይነዳል፣ እኔ ቆርቆሮ ታቅፌ አሸታለሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ጎንጨት አልኩለት።

ላምባ!

ደንግጬ እንትፍ አልኩት። ወዴት እንደተፋሁት አትጠይቁኝ... ቅንድቤ እዚያው ቀረ።

ያዳነችን ተዋበች ናት። ውሃ የጠገበውን ጋቢ እንዳለ አምጥታ ፍራሹ ላይ ጣለችው፤ በላዩም ወጥታ ረገጠችው። እሳቱ እንደ እባብ ፉጭ ብሎ ጠፋ። አያ ሰይድ በአንድ እጃቸው ልጄን እንደያዙ፣ በሌላው ቆርቆሮውን ከእጄ ነጥቀው ወደ ውጭ አወጡት። ተመልሰው ጥቁሩን ፍራሽ አዩ፣ አንድ እግሩ የነደደውን ሱሪዬን አዩ፣ ፊቴንም አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ሱሪ ልትተኩስ ነበር ወይስ ቤት?»

ሳቁ። ተዋበች ግን አልሳቀችም፤ ልጇን ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጥፋ መሬት ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አይዞሽ» ልላት ብል አፌ ላምባ ላምባ ይላል።

ገዥው ያለ እኔ ገቡ። ተዋበች ግን በዚያው ቀን ደንብ አወጣች፤ ላምባው በክዳኑ ታሽጎ፣ ቀይ ጨርቅ ታስሮበት ጓሮ ባለችው የድንጋይ ጎጆ ተቀመጠ፤ በሩ ሥር አሸዋ ተከመረ፤ ካውያ የሚቀጣጠለው ውጭ፣ ነፋስ በሌለበት ሆነ።

«እኔስ?» አልኳት።

አሰበች። አየችኝ። እነሆ እናንተ ይህን ስታነቡ እኔ እንደ ደንቡ ከምድጃው አምስት ክንድ ርቄ ተቀምጫለሁ።